ሙጫው ሳይደርቅ የሄድንበት ሽምግልና

እናንተስ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ሥራችሁን እየሠራችሁ አንድ ሽታ አፍንጫችሁን ይነካውና፣ ሳታስቡት ከዓመታት በፊት የነበራችሁበት ግቢ ውስጥ ቆማችሁ ራሳችሁን ታገኛላችሁ? እኔን ባለፈው ሰኞ አጋጠመኝ። የመምህራን ክፍላችንን መስኮት የከሰዓት ፀሐይ ስለሚያስቸግረው ጥቁር ላስቲክ እየለጠፍን ነበር። መስታወቱ ላይ የሳሙና ውኃ ረጨሁ፤ የላስቲኩን ጀርባ ላጥኩ። የሳሙናውና የሙጫው ሽታ ተቀላቅሎ ሲመጣ ሳቄ አመለጠኝ። ባልደረቦቼ «ምን ሆንሽ?» ቢሉኝ ማስረዳት አቃተኝ። ማስረዳት አቅቶኝ ስለማያውቅ እነሱም ደነገጡ። ለእናንተ ግን ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ጊዜው «ለውጥ» የሚለው ቃል ከማንም አፍ የማይጠፋበት ነበር። ታላቅ ወንድሜ ስድስት ዓመት ከቆየበት ከሳዑዲ ወደ ሐይቅ ተመልሶ፣ ውጫሌ ላይ የስልክ መጠገኛ ሱቅ ከፍቷል። ከሐይቅ ውጫሌ በየቀኑ የሚመላለስባትን አንዲት ትንሽ ነጭ መኪናም ገዝቷል። ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጥ እንደሆነ እንጂ አያንስም። በሯ ሲዘጋ እንደ ድስት ክዳን ትጮኻለች፤ ዳገት ስትወጣ ተሳፋሪው ሁሉ ሳያውቀው ወደፊት ያጋድላል፣ የሚያግዛት ይመስል።

እኔ ያኔ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ፤ ለእረፍት ቤት መጥቻለሁ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁም ሁለት ወር ሆኖኛል። ወንድሜ መኪናዋን ላሻሽላት ነው ሲል ደብተሬን አወጣሁና ገጹን በሦስት ረድፍ ከፈልኩት፤ «የሚያቆማት»፣ «የሚያስኬዳት»፣ «የሚያሳምራት»። ሐሳቡ ቀላል ነው። ለጀማሪ የመጀመሪያው ሥራ ጎማና ፍሬን ነው፤ መቆም የማትችል መኪና ብትፈጥን ለማንም አትጠቅምም። ቀጥሎ ዘይቱን መቀየር፣ ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ማየት፣ የአየር ማጣሪያውን ማጽዳት ነው። ብዙ አያስወጡም፣ ዳገት ላይ ግን ይታወቃሉ። ውበት መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ወንድሜ ደብተሩን አነበበና ከሦስተኛው ረድፍ ጀመረ። ለመቀመጫው ፀጉራም ልብስ፣ ከኋላ ሁለት ትልልቅ ስፒከር፣ ከፊት መስታወት በላይ ዘርፋፋ መጋረጃ።

«ፍሬን ማን ያይልኛል?» አለኝ።

«ቁልቁለቱ ያይልሃል።»

«ወላሂ፣ አንቺ ገና ሳትመረቂ ማስተማር ጀመርሽ!»

በስንት ጭቅጭቅ ፍሬኑን አሠራነው። አንድ ነገር ግን ልናዘዝ፤ የጎን መስታወቶቹን በጥቁር ላስቲክ እንሸፍን ያልኩት እኔ ነኝ። ፀሐዩ መቀመጫውን እንዳይበላው ብዬ ነው። ረቡዕ ማታ በሳሙና ውኃ፣ በእናቴ የሊጥ መፋቂያ አረፋውን እየገፋሁ አራቱንም በሮች ለጠፍኩ። እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ! የሸጠልን ሰው የሰጠን ማስጠንቀቂያ አንድ ብቻ ነው፤ ሙጫው እስኪደርቅ ሦስት ቀን መስታወቱ እንዳይወርድ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከወንድሜ ሱቅ አጠገብ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ጠዋት ጠዋት የሱቁን መዝጊያ እሱ ያነሳላታል፤ የተቀደደ ኪስ ሁሉ ወደ እሷ ይሄዳል፤ እኛ ቤት ያልተቀደደ ኪስ እስኪጠፋ ድረስ። አባቷ ከውጫሌ ወጣ ብሎ ባለው መንደር የሚኖሩ የተከበሩ ገበሬ ናቸው። ልጃቸውን «ከዓረብ አገር የመጣ ጎረምሳ መንገድ እንጂ ሰው አያይም» ብለዋት ነበር። ወንድሜ ደግሞ እሷን ካልሰጡኝ ተመልሼ እሄዳለሁ፣ በባሕርም ቢሆን፣ ይል ነበር። እናቴ «በባሕር» የሚለውን ቃል በሰማች ቁጥር የያዘችውን ዕቃ ታስቀምጣለች። ስለዚህ ሽማግሌ ተመረጠ፤ አጎታችን፣ የሰፈራችን ሸኽ፣ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ክርስቲያን አዛውንት። ቀኑ ሐሙስ ሆነ። ሙጫው ገና አንድ ሌሊት ነው ያደረው።

የሚያገባው ልጅ ከሽማግሌ ጋር ስለማይሄድ ሹፌሯ እኔ ሆንኩ።

«ሽምግልና ነው የምንሄደው ወይስ ሰርከስ?» አለ አጎቴ ቁልፉን እጄ ላይ ሲያይ።

«አብሽር፣ ልጅቱ መንዳት ታውቃለች» አሉ ሸኹ፤ ግን ከመግባታቸው በፊት ሁለት ጊዜ ዱዓ አደረጉ።

ወንድሜ በመስኮቱ በኩል የመጨረሻ ትእዛዙን ሰጠ። «መስታወት እንዳይወርድ! ለሽማግሌዎቹ ደግሞ መንዙማ የሞላ ፍላሽ ሰክቻለሁ።»

መንዙማው በሁለቱ ስፒከር ሲለቀቅ ወንበሩ ራሱ ይርገበገባል። ጎረቤታችን አዛውንት ጆሯቸውን በእጃቸው ደግፈው «ደስ ይላል፣ ብቻ ከሆዴ ውስጥ ነው የሚመታው» አሉ። ፀሐዩ በረታ። ሦስት ነጭ ጋቢ፣ አራት ሰው፣ አንድም የተከፈተ መስኮት የለም። የአዲሱ ሙጫ ሽታ፣ የአጎቴ ሽቶ፣ ላብ። ውጫሌን አልፈን ወደ ገጠሩ የአፈር መንገድ ስንታጠፍ ሸኹ ፊታቸውን በሽርጣቸው ጫፍ እየጠረጉ «ልጄ፣ ትንሽ አየር…» አሉኝ። «ሙጫው አልደረቀም» አልኳቸው። እሺ አሉ፤ የተማረ ሰው ተናገረ ብለው።

በአፈሩ መንገድ ላይ አንድ ሰው ብቻቸውን ይሄዱ ነበር። ጋቢያቸውን ከአቧራው ተከናንበዋል፤ ትከሻቸው ላይ ከገበያ የገዙት ጆንያ አለ። ዞረው በትራቸውን ከፍ አደረጉ። ሦስቱም ሽማግሌዎች፣ አላህ ያያል፣ ካሉበት ወንበር ከፍ ብለው እጃቸውን አነሱ። «ሰላም አለይኩም!» አሉ ሸኹ። «እንደምን ዋሉ!» አሉ ጎረቤታችን። አጎቴ ደረቱ ላይ እጁን አደረገ። እኔም አንገቴን ዝቅ አድርጌ አለፍኩ።

ቤቱ ደረስን። እንደ ደንቡ ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ቆሙ። የልጅቱ እናት ወጥታ «አባወራው ከገበያ እየመጣ ነው፣ ትንሽ ታገሡ» አለች። ታገሥን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እኚያው ሰውዬ በትራቸውን ይዘው፣ ከራስ እስከ እግራቸው አቧራ ለብሰው መጡ። ጆንያውን አወረዱ። መኪናዋን ዞረው አዩዋት።

«ይቺ ናት?» አሉ።

አጎቴ ጋቢውን አስተካከለ።

«በገዛ አገሬ መንገድ ሰላም ብል፣ ጥቁር ሳጥን እየዘፈነ አቧራ አልብሶኝ አለፈ።»

«እኛማ ሰላም ብለናል!» አሉ ሸኹ ደንግጠው።

«ለማን?»

«ለእርስዎ ነዋ!»

«ለመስታወቱ ነው ያላችሁት። እኔ ጋ የደረሰ የለም።»

አጎቴ እንዳጎነበሰ ጉዳያችንን ሊያነሳ ሞከረ። ሰውዬው በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ማን እንዳለበት ለማላየው ነገር ልጄን አልሰጥም። ቀጠሮም የለኝ። በሰላም ግቡ።»

እምቢታ እንኳን በቀጠሮ ነው በእኛ አገር። ቀጠሮ የለኝም ማለት በሩን ከውስጥ መቀርቀር ነው። ወንድሜን በዓይነ ኅሊናዬ አየሁት፤ ሻንጣውን ሲያወርድ፣ እናቴ የያዘችውን ዕቃ ስታስቀምጥ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ደግሞ ከአራቱ ሰው የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

«አባቴ፣ አፉ ይበሉኝ» አልኳቸው። «ላስቲኩን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። መስታወቱ አይወርድም ያልኩትም እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ሳይተነፍሱ ነው የመጡት።» መልስ ሳልጠብቅ የፊተኛውን በር ከፍቼ የላስቲኩን ጫፍ በጥፍሬ መቧጠጥ ጀመርኩ።

አልለቅ አለ። ትናንት አልይዝ ብሎ ያስለቀሰኝ ላስቲክ ዛሬ አልለቅ አለ! ሸኹ ሽርጣቸውን ሰብስበው ወደ ሌላው በር መጡ። አጎቴ በመኪናዋ ቁልፍ ይፍቅ ጀመር። ያኔ ልጅቱ ከቤት ወጣች፤ በአንድ እጇ የሞቀ ውኃ፣ በሌላው ከስፌት ዕቃዋ ያመጣችው ምላጭ። ማንንም ሳታይ አጠገቤ ቆማ ውኃውን አፈሰሰችልኝ። ቀስ ብላ «ከተቀደደ ኪስ ይሻላል» አለችኝ፤ ሳቄን ለመዋጥ መስታወቱ ላይ ተደፋሁ።

አባትየው ቆመው ያያሉ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። በመጨረሻ አላስቻላቸውም።

«ከላይ አትጀምሪ፣ ይቀደዳል። ቆዳ እንደሚገፈፍ ነው፤ ከታች ይዘሽ ሳትቸኩዪ ሳቢው።»

ከታች ይዤ ሳብኩት። ረጅም ድምፅ አሰምቶ በሙሉው ተነሳ።

«እንዲያ ነው» አሉ፣ ሊስቁ አልፈለጉም እንጂ።

አራቱም መስታወት ሲነጣ ጎረቤታችን አዛውንት ራሳቸውን ነቅንቀው «አሁንስ ዕርቅ ይውረድ?» ሲሉ ጠየቁ። ሰውዬው አሰቡ። «ሰላምታዬን የዘለላችሁብኝ ቦታ ላይ መልሱልኝ» አሉ። ቀልድ መስሎን ነበር። በትራቸውን አንስተው ቀድመውን ወጡ፤ ወደዚያው ቦታ በእግራቸው ተመለሱ። እኛም መኪናዋን አዙረን፣ ወደ ውጫሌ አቅጣጫ አርቀን ሄደን፣ እንደገና መጣን። መንዙማውን ዝቅ አደረግሁ። አራቱንም መስታወት እጀታውን እያሽከረከርን እስከ ታች አወረድን። ነፋስ ገባ፤ የታጨደ ጤፍ ሽታ ገባ። ሰውዬው በትራቸውን ከፍ አደረጉ። አቆምኩ።

«ሰላም አለይኩም!»

«ወአለይኩም ሰላም! ወዴት ናችሁ?» አሉ፣ ፈጽሞ አይተውን እንደማያውቁ።

«ለጥሩ ጉዳይ» አለ አጎቴ።

«እንግዲያ አድርሱኝ፣ እግሬ ደክሟል።» ሸኹና ጎረቤታችን ተጠጋግተው መሀላቸው አስቀመጧቸው። እቤት እስክንደርስ ስለ ዝናቡ አወሩ። ከመውረዳቸው በፊት «ለመጪው ሐሙስ ኑ» አሉ። ያ ቀጠሮ ነው። አጎቴ መቀመጫው ላይ እንዳለ ዓይኑን ጨፍኖ አልሐምዱሊላህ አለ።

ወንድሜ ሐይቅ መግቢያ ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። መጀመሪያ ያየው የተቧጨረውን መስታወት ነው።

«ላስቲኬን ምን አደረግሽው?»

«በላስቲክህ ሚስት ገዛሁልህ» አልኩት።

ከሠርጉ በኋላ አዲስ ጎማ ገባላት፣ ካንዴላውም ተቀየረ፤ በደብተሬ ቅደም ተከተል መሠረት። አማቹ ወደ ገበያ ሲወጡ ወንድሜ መንገድ ላይ ሳያቆምላቸው የቀረበት ቀን አልነበረም።

የሰሜኑ ጦርነት ወደ እኛ በደረሰ ጊዜ ወንድሜ ከሚስቱ ጋር አማቹን ሊያመጣቸው ሄደ። ሚስታቸውን አሳፈሩ፣ የልጅ ልጃቸውን አሳፈሩ። ለእሳቸው አንድ ቦታ ቀርቶ ነበር። በመንገዱ ላይ ጨቅላ ያዘለች ሴት በእግሯ ስትመጣ አዩ። «እሷን ጫናት፤ እኔ ከብቶቹ ጋ ነኝ» አሉት። ወንድሜ ለመናቸው፤ ልጃቸው አለቀሰች። በተከፈተው መስኮት እጃቸውን አስገብተው ራሷን ዳበሱት፤ ከዚያ በሩን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ፣ ሂዱ ለማለት። ከወራት በኋላ ከሸሸንበት ስንመለስ በሕይወት አልነበሩም። ታመው እንደሞቱ፣ የቀሩት ጎረቤቶች እንደቀበሯቸው ነገሩን።

መኪና ያላችሁ፣ በተለይ ትንሽ መኪና ገዝታችሁ ከምኗ ልጀምር የምትሉ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ነገ ጠዋት ከሰፈራችሁ ስትወጡ የስፒከሩን ድምፅ ዝቅ አድርጉ። በእግሩ የሚሄድ ሰው ጋ ስትደርሱ ፍጥነታችሁን ቀንሱ፣ መስታወቱን እስከ ታች አውርዱ፣ ሰላም በሉት፣ መልሱን እስክትሰሙም ቆዩ። ቦታ ካላችሁ ወዴት ነህ ብላችሁ ጠይቁት። እስኪ ሞክሩት።