የእናቴ ጎባጣ ሰይፍ

ቅርንፉድ ሲሸት ሌላው ሰው ሻይ ትዝ ይለው ይሆናል፤ እኔን ትዝ የሚለኝ ሰይፍ ነው። ዌምብሊ በነበረችው ጠባብ ቤታችን ሳሎን ውስጥ እናቴ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ሰይፏን ጭኖቿ ላይ አጋድማ፣ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚል ቀጭን ዘይት በለስላሳ ጨርቅ ከእጀታው ሥር ጀምራ እስከ ጫፉ ስታሻሸው፣ ሽታው እኔ መኝታ ቤት ድረስ ይመጣ ነበር። ስለት የሌለው የልምምድ ሰይፍ ስለነበር ያን ያህል ዘይት አያስፈልገውም ነበር፤ እሷ ግን አንድም ሳምንት አታሳልፍም ነበር።

ነገሩ የጀመረው እኔ አስር ዓመት ሲሆነኝ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ነው። እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በሰፈራችን ያለ የስፖርት አዳራሽ ታጸዳ ነበር፤ አባዬ አውቶቡስ ነጂ ስለነበረና ቅዳሜ ሺፍት ስለሚገባ፣ እኔም የትምህርት ቤት መጽሐፌን ይዤ አብሬያት እሄድና ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር። እሷ ወለሉን ስትጨርስ፣ ከክላፋም የሚመጡ ኦካዳ የሚባሉ ነጭ ጸጉር ያላቸው ጃፓናዊት፣ ስምንት ዘጠኝ ተማሪዎች አሰልፈው ሰይፍ ከአፎት መዝዞ፣ አየር ቆርጦ፣ መልሶ መክተትን ያስተምሩ ነበር። እማዬ «እትዬ ኦካዳ» ነበር የምትላቸው፤ በስማቸው ብቻ መጥራቱ አልሆንልሽ ብሏት። መወልወያዋን ተደግፋ ስታያቸው ቆይታ ቆይታ፣ አንድ ቅዳሜ እሳቸው ራሳቸው ወደ እሷ መጡ።

«ወለል ስትወለውይ በክንድሽ ሳይሆን በወገብሽ ነው የምትሠሪው» አሏት። «ተማሪዎቼ ይህን ለመልመድ ሁለት ዓመት ይፈጅባቸዋል። ነይ፣ ሞክሪ።»

በሳቅ ታልፈዋለች ብዬ ስጠብቅ ጫማዋን አውልቃ ገባች።

በወገቧ የምትሠራው ግን ወዳ አልነበረም። ከዓመታት በፊት ደረጃ ላይ ወድቃ ቀኝ ትከሻዋ ስለተጎዳ፣ ክንዷ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋላትም ነበር። ብርዱ ሲበረታ ጣጣው ታየ። የተዋሰችው የክለቡ ትርፍ ሰይፍ ረጅምና ቀጥ ወደ ማለት ያደላ ስለነበር፣ ጀምራ ጥሩ አድርጋ ስትመዘው ቆይታ፣ አንድ ስንዝር ሲቀረው አፎቱ ውስጥ ይሰነቀርባት ነበር። አንድ ቀን ሁሉም መዝዘው፣ ቆርጠው፣ ቀጥ ብለው ሲጠብቋት፣ እሷ ብቻ ግማሹ ወጥቶ ከቀረ ሰይፍ ጋር ስትታገል አየኋትና አፍሬ መጽሐፌ ላይ አቀረቀርኩ።

አባዬ ሲሰማ ተቆጣ። «አስቴር፣ የቀረችሽን ትከሻ ልትጨርሻት ነው እንዴ? ስንት ወር ፊዚዮ የተመላለስሽው ለዚህ ነው?»

«ደረጄ» አለችው ቀስ ብላ፣ «እኔ ለራሴ ብዬ አንድ ነገር ጠይቄህ አውቃለሁ?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ እማዬ ያንኑ ሰይፍ ይዛ፣ እዚያው ሰልፍ ውስጥ ቆመች።

አበባ ሲፈነዳ እትዬ ኦካዳ ቤታቸው ጠሩን። ነጭ ጨርቅ ዘርግተው ሁለት እውነተኛ የድሮ ሰይፎች አሳዩን፤ አንደኛው እንደ ደጋን የጎበጠ፣ ሌላኛው ቀጥ ለማለት ትንሽ የቀረው። እስትንፋሴ እንዳይነካቸው አፌን በእጄ ይዤ አየሁ፤ እንዲያ ያለ ውብ ነገር ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር።

«ያጎበጠው መዶሻ ብቻ እንዳይመስላችሁ» አሉ። «አንጥረኛው ጀርባውን ወፍራም፣ ስለቱን ስስ ጭቃ ቀብቶ፣ አግሎ ውሃ ውስጥ ሲነክረው፣ ስለቱ ቶሎ ቀዝቅዞ ይጠነክራል፣ ጀርባው እየዘገየ ይከተለዋል፤ ያኔ ብረቱ ራሱ ወደ ኋላ ይለመጣል።» ከዚያ በጣም የጎበጠውን እያሳዩ፣ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው በአንድ እጁ መዝዞ በዚያው እንዲቆርጥበት የተሠራ መሆኑን፣ ጎባጣ ስለት ሲያርፍ እየተንሸራተተ ስለሆነ እንደ መጥረቢያ ብዙ ጉልበት እንደማይጠይቅ ነገሩን። ቀጥ ያለው ደግሞ ለመውጋት ይሻላል፤ ጫፉ እጅ ወዳመለከተበት ይሄዳል።

ወደ እማዬ ዞረው፣ «ችግሩ ትከሻሽ አይደለም» አሏት። «ያዋስኩሽ ሰይፍ ቀጥ ያለ መንገድ ይፈልጋል፤ ያንቺ ክንድ የሚሄደው ዞሮ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከቁም ሳጥናቸው አጠር ያለና ጎበጥ ያለ የልምምድ ሰይፍ አውጥተው ሰጧትና ወደ ጓሮ ወጣን። እማዬ አፎቱን በግራ እጇ ወደ ኋላ ስባ፣ ወገቧን አዙራ መዘዘችው፤ እንደ ነፋስ እፍ ብሎ ወጣ።

«ወጣ! ወጣልኝ!» ብላ በአማርኛ ጮኸች። እትዬ ኦካዳ ቃሉ ባይገባቸውም አጨበጨቡ።

በበጋው የክለቡን የደረጃ ማለፊያ ፈተና ተፈተነች። አመዛዘዟን ያዩት ሦስቱ ፈታኞች እርስ በርስ ተያይተው በአድናቆት ራሳቸውን ሲነቀንቁ፣ አለፈች ብዬ ነበር። ነገር ግን ፈተናው መውጋትም ነበረበት፤ የሰይፏ ጫፍ ወደ ላይ የጎበጠ ስለሆነ፣ እጇ በሐሳብ የቆመ ባላጋራ ደረት ላይ ሲያነጣጥር ጫፉ አንገቱ ላይ ይደርስ ነበር። ሁለቴ ሳተች፤ ወደቀች።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ አባዬ ጓሯችን ውስጥ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ በክር የመጋረጃ ቀለበት ደረቱ ትክክል ሲያንጠለጥል አገኘሁት።

«ይኸው» አላት፣ «በዚህ ውስጥ ማለፍ አለበት።»

«ትከሻዬስ?» አለችው።

«በወገብሽ ነው የምትሠሪው አላሉሽም እንዴ?»

ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ፣ በካፊያም በውርጭም፣ ከሥራ በፊት እየወጣች፣ ሰይፉ በጎበጠበት ልክ እጇን ዝቅ ማድረግን እስክትለምድ ድረስ ስትወጋ፣ አባዬ ጃኬቱን ደርቦ አጠገቧ ይቆም ነበር። የሚቀጥለው በጋ ሲመጣ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ፈተናው ላይ አጠገቤ ተቀመጠ፤ እሷ ሰይፏን መዝዛ፣ ቆርጣ፣ ያለምንም ማወላወል ወግታ ወደ አፎቱ ስትመልሰው፣ እጄን አጥብቆ ጨምቆ ይዞ ነበር። ስሟ ካለፉት ጋር ሲጠራ ቀድሞ የተነሳው እሱ ነው።

እትዬ ኦካዳ ወደ አገራቸው ከተመለሱ ቆይተዋል፤ በዚያው አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀማሪዎችን የምታስተምረው አሁን እማዬ ናት። ያኔ ስትጀምር ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። ዛሬ እኔ ሠላሳ ስድስት ነኝ፤ ሼፈርድስ ቡሽ ሰፈር ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ፣ ሁለቱም ትከሻዬ ጤነኛ ነው። ባለፈው ወር ዋና ልማር ብዬ ተመዝግቤ፣ ከልጆች መሀል አዋቂ ጀማሪ እኔ ብቻ መሆኔን ሳይ ልብሴን ሳልቀይር ተመለስኩ። ለእማዬ በስልክ ስነግራት አልተቆጣችኝም፣ አልመከረችኝምም፤ «ውሃው ቀዝቃዛ ነበር?» ብቻ አለችኝ። እኔ እንጃ አልኳት፤ አልነካሁትማ።