የአካይቲ አባት ስም

ሜሬአና ባርኔጣ ሠሪ ናት። ከኮኮነት ለጋ ቅጠል እየፈተለች ነጭ ባርኔጣ ትጎነጉናለች፤ እሑድ እሑድ በቫይታራ ደሴት ቤተ ክርስቲያን ከሚታየው ባርኔጣ ግማሹ የእሷ ሥራ ነው። እጇ ይባረክ። ምላሷ ግን አይጣል ነው፤ ዲያቆኑም ሆነ በመርከብ የሚመጣው ነጋዴ ዋጋ ሲከራከሯት አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚመለሱት። ይቺው ሴት እናቷ ፊት ስትሆን ቅቤ ናት።

እናቷ ማማ አካይቲ አባቷን አታውቅም። ገና ሳትወለድ ነው ሰውዬው የደረቀ ኮኮነት በሚጭን ባለሸራ መርከብ ተቀጥሮ ሄዶ በዚያው የቀረው። በቫይታራ ደግሞ ባሕር የበላውን ሰው ስም ማንም እንዳሻው አያነሣም። የሚያነሣው የትውልድ መጽሐፉን የያዘው ዘመድ ብቻ ነው፤ እሱም በቀን ብርሃን፣ ከመጽሐፉ እያነበበ፣ ለሟቹ ቤተሰብ። እስከዚያ ድረስ ሚስትም ብትሆን አፏን ትይዛለች። የአካይቲ እናት መጽሐፉ ሳይነበብላት፣ ሐዘኑም ሳይወጣ ሌላ ባል አገባች። የሟቹ ባሏ ወገኖች ደማቸው ፈላ። "መጽሐፉ ለእሷም ለልጇም ተዘግቷል" አሉ። በሆድ ያለች ልጅ ምን አጠፋች? ማን ይጠይቅ!

አካይቲ እንዲህ ሆና አረጀች። "የመርከቡ ሰውዬ ልጅ" ይሏት ነበር። "እኔው ስም ላወጣለት አስቤ ነበር" ትላለች አንዳንዴ። "ግን ልጅ ለአባቷ ስም ታወጣለች እንዴ?" ይህን ብላ ትስቃለች። ሜሬአና ግን አብራት አትስቅም። እናቷ ሳትሞት የአባቷን ስም አንድ ጊዜ ብትሰማ፣ ከዚህ ዓለም ሌላ የምትፈልገው ነገር አልነበራትም።

ያልሄደችበት የለም። የቤተ ክርስቲያኑን መዝገብ የዛሬ ስንት ዓመት ማዕበል ጠርጎ ወስዶታል። የባርኔጣዋን ገንዘብ አጠራቅማ ዋናው ደሴት ድረስ ሄደች፤ የድሮ መርከበኞችን ዝርዝር ስታገላብጥ ዓይኗ ቀላ። ነጮቹ ካፒቴኖች የደሴት ሰው ስም መጻፍ ሲታክታቸው ሁሉንም ጃክ ብለውት አልፈዋል። ጃክ፣ የቫይታራ ሰው። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ጃክ፣ የቫይታራ ሰው። እንዲያው ምን ዓይነት ስንፍና ነው!

ተመልሳ ለእናቷ ነገረቻት።

"ስንት ጃክ አገኘሽ?" አለች አካይቲ።

"አምስት።"

"እንግዲያው እናቴ ቀላል ሴት አልነበረችም!" ብላ ከት ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የቀረው ፓፓ ኢዮታማ ነበር። የሟቹ የወንድም ልጅ ነው፤ መጽሐፉም በእሱ እጅ ነው። ሜሬአና ዓሣ በኮኮነት ወተት ሠርታ ወሰደችለት፣ ግቢውን ጠረገችለት፣ ለሚስቱ የፋሲካ ባርኔጣ ሠራችላት። ወይ ፍንክች! "አባቴ የዘጋውን እኔ አልከፍትም" ይላል፤ ዓሣውን ግን ጥርግ አድርጎ ይበላል።

በመጨረሻ ማማ አካይቲ ታማ ተኛች። ነርሷ አይታት "ቤቷ ትሁን" አለች። ሜሬአና የዚያን ቀን ልመናውን ትታ የሽማግሌው በር ላይ ቆመች።

"ፓፓ ኢዮታማ፣ እናቴ እየሞተች ነው። አባትዎ ቂማቸውን ይዘው መቃብር ገቡ። እርስዎም ይዘውት ሊገቡ ነው?"

ሽማግሌው "አምጫት" አለ።

መጽሐፉ ከቤቱ ስለማይወጣ አካይቲን በእጅ ጋሪ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ወሰዷት። ከመሄዷ በፊት ፀጉሯን አስበጥራ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳለች። "ከአባቴ ጋር ልተዋወቅ ነው፤ እንዲሁ ተጎሳቁዬ ልሂድ?" አለች። በረንዳው ላይ አስተኟት።

ኢዮታማ እጁን ታጥቦ መጽሐፉን ከፈተና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ በታንኳ ባሕሩን አቋርጦ ከመጣው ከጥንቱ አባት። ማን ማንን ወለደ፣ ማን በየትኛው ታንኳ ሄደ፣ ማን ተመለሰ፣ ማን በባሕር ቀረ። የአካይቲ ዓይን በራ።

"እሱም የኔ ነው?" ትላለች ስም በተጠራ ቁጥር።

"ያንቺ ነው እማ" ትላታለች ሜሬአና።

"እሱስ?"

"እሱም ያንቺ ነው።"

ቆይታ መጠየቋን ተወች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ጀመር።

"ፓፓ፣ ይዝለሉና የአባቷን ይንገሯት" አለች ሜሬአና።

"አይዘለልም።"

"እባክዎን! አንድ ስም እኮ ነው!"

ሽማግሌው ቀና አለ። "ስም የዘለለ ክሩን በጠሰ። ክሩ ከተበጠሰ ከዚህ ቤት ባሕር ላይ ያለ ሰው አይመለስም። ልጄ ፓኤራው ጠዋት ዓሣ ሊያጠምድ ጥልቁ ባሕር ገብቷል። ልጄን ልግደልልሽ?"

"ታዲያ እሱ ባሕር ላይ እያለ ለምን ጀመሩ?"

"እሱ እስኪመጣ እናትሽ ትቆይ ነበር?"

እውነቱን ነው። ኢዮታማ ማንበቡን ቀጠለ፤ ሲፈጥን ይሳሳታል፣ ሲሳሳት ደግሞ ወደተሳሳተበት አባት ይመለሳል። ላቡ በጢሙ ይወርዳል። ሜሬአና ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈልጋቸው የኖረቻቸውን አባቶች አሁን በልቧ ትረግማለች። ምነው ይህን ያህል ባልተዋለዳችሁ! ምነው ግማሻችሁ በልጅነታችሁ በቀራችሁ!

አካይቲ ዓይኗን ገለጠች። "እሱ ነው?"

"ገና ነው እማ። ደርሷል፣ ትንሽ ጠብቂ።"

"አልተቀየምኩትም በይው" አለች። ከዚያ ወዲያ አልተነፈሰችም።

ኢዮታማ አየ። ድምፁ ተሰበረ፤ ግን አላቆመም፤ መሐል ላይ ማቆምም ያው መበጠስ ነው። የአያቱን ስም አነበበ። የአያቱን ሚስት አነበበ። "የእነዚህም ልጆች" አለና ገጹን ገለጠ።

ሜሬአና ቀጥሎ የሚመጣው የእናቷ አባት ስም መሆኑን አወቀች። ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ደፍና፣ ጀርባዋን ለሽማግሌው ሰጥታ ጮኸች። ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ጮኸች። ጎረቤቱ ሁሉ እየሮጠ መጣ። ጩኸቷን ስታቆም መጽሐፉ ተዘግቶ ነበር።

ፓኤራው ከሰዓት በኋላ ዓሣ ጭኖ በደህና ገባ። ሜሬአና በእሱ አልተቆጣችም፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ ሲያያት መንገድ ይቀይራል።

ከቀብሩ በኋላ ፓፓ ኢዮታማ ወደ ቤቷ መጣ። በረንዳዋ ላይ ባርኔጣ ትጎነጉናለች።

"የመቃብሯን ድንጋይ እኔ ላሠራላት" አለ። "የአባቷን ስም ላስጽፍበት። መጽሐፉም አያስፈልገኝም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። እናትሽ እሑድ ባጠገቤ ስታልፍ ምላሴ ጫፍ ላይ ይመጣብኝ ነበር። እውጠዋለሁ።"

"በየሳምንቱ?"

"በየሳምንቱ።"

ሜሬአና፣ ያቺ ምላሰኛ፣ አልተሳደበችም። "የፈለግሁት ለኔ አልነበረም፣ ፓፓ" አለች። "የምትሰማው ሄደች። አሁንም ይዋጡት።"

"ታዲያ ድንጋዩ ላይ የማን ልጅ ትባል?"

"የማንም አትባል። የሜሬአና እናት ብለው ያስጽፉላት።"

ሽማግሌው ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሜሬአና ቅጠሏን አስቀመጠችና ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ምን ታድርግ? በእናቷ በኩል የቀራት የቅርብ ዘመድ እሱ ነው።