የሽንት ቤታችን ጎማ

ከወንድሜ ጋር ያሳለፍኩት የመጨረሻው ጠዋት የሽንት ቤት ጎማ ፍለጋ ስንዞር አለፈ። ስለ እሱ ስጽፍ ከዚህ መጀመሬ ያስቅ ይሆናል። ግን የዋልነው እንደዚያ ነው፤ ሌላ ከየት ላምጣ?

አሰብ ውስጥ የተከራየነው ቤት ጣሊያን የሠራው ነበር። የሽንት ቤቱ ውሃ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ በተሰቀለ የብረት ሳጥን ይጠራቀማል፤ ሰንሰለቱ ሲሳብ ይለቀቃል። የሳጥኑን ሥር የሚደፍነው ጎማ ስለበሰበሰ ግን ውሃው ቀስ እያለ ፈስሶ ያልቃል። የቧንቧ ውሃ የሚመጣው ደግሞ ጠዋት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እናታችን በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ከበርሜል እየቀዳች ባልዲ ትሸከማለች።

ወንድሜ ወደብ ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነበር፤ የዚያን ቀን ዕረፍቱ ነው። ባልዲውን ከእጇ ቀማትና፣ "ዛሬ ሳልሠራው ከዋልኩ ልጅሽ አይደለሁም" አላት።

"ባለፈውም ልጄ አልነበርክም" አለችው።

መጀመሪያ የሄድነው ከወሎ መጥተው ሱቅ ወደ ከፈቱ አንድ ሐጂ ነው። የበሰበሰውን ጎማ በጣታቸው አገላበጡት።

"አሁን የሚመጣው ፕላስቲክ ነው፤ ለዚህ አይሆንም። ሳጥኑን የሰቀለው ጣሊያን ጎማውንም ይዞት ሄዷል።"

"ታዲያ ሐጂ፣ ሽንት ቤቱን ምነው ጥሎብን ሄደ?"

እስኪያስላቸው ሳቁ። "ከባድ መኪኖቹ ጋ ሂዱ፤ ከጎማቸው ውስጥ የወጣ፣ የተጣለ ካላማዳሪ አታጡም" አሉን።

መኪኖቹ ከሚቆሙበት ሜዳ አንድ ረዳት የተቀደደ ካላማዳሪ እየሸነሸነ የጭነት ማሰሪያ ያዘጋጃል። ለምን እንደፈለግነው ሲሰማ ጮኸ።

"አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ጎማ ሽንት ቤት ልትከቱት?"

"ጡረታ ይውጣ እንጂ! እስከ መቼ ይሩጥ?" አለው ወንድሜ።

መዳፍ የሚያህል ቆርጦ ሰጠን።

ቤት ገብተን ወንድሜ አሮጌውን ጎማ ከላይ አስቀመጠና ዙሪያውን በምላጭ ቆረጠ። አሮጌው ለካ ውሃ ውስጥ ኖሮ አብጧል፤ በእሱ ልክ የቆረጥነው አልገባም አለ። ምሳ በላን። በአሰብ ሙቀት ከምሳ በኋላ የማይተኛ የለም። "ጠርዙን ድንጋይ ላይ ፈግፍገው፤ ስነሳ እንገጥመዋለን" ብሎኝ ጋደም አለ።

ፈገፈግኩት። ብዙ ፈጀ። ሲያልቅ ላሳየው ገባሁ። ቬንትሌተሩ ይዞራል። "ተነስ፣ ሆኗል" አልኩት። ዝም አለኝ፤ እንደ ልማዱ የሚያሾፍ መሰለኝ። እግሩን ነካሁት። ደግሜ ነካሁት።

ልቡ ነው አሉ። ስለዚያ ሰዓት ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

በማግስቱ ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋት ቀበርነው። ስንመለስ ግቢው በለቅሶ ደራሽ ሞልቷል። ፍራሽ ላይ እንደተቀመጥኩ አንዲት አሮጊት ከሽንት ቤቱ በር ተመልሰው ለጎረቤታችን ሲያንሾካሹኩ አየሁ። ሳጥኑ ያለ ጎማ ውሃ አልያዘም፤ ጎረቤታችን ባልዲ ፍለጋ ተነሳች። እናቴም አየች። እንግዳ በቤቷ ተቸግሮ! እሷም ልትነሳ መሬቱን በእጇ ተደገፈች።

ቀድሜያት ተነሳሁ። የእድሩ ዳኛ ክንዴን ያዙኝ።

"ሐዘንተኛ አይሠራም፤ ነውር ነው። እኛ ምን ልንሠራ መጣን? ተቀመጥ ልጄ።"

"ጋሼ፣ ይሄ... የእሱ ሥራ ነው። አላለቀም።"

እናቴ ከተቀመጠችበት፣ "ተዉት፤ ወንድሙ ያዘዘው ነው" አለች። ለቀቁኝ።

ሸሚዜን አልቀየርኩም ነበር፤ ጎማው ኪሴ ውስጥ ነው። ወንበር ላይ ቆሜ ገጠምኩት። ገባ። ብሎኑን አጠበቅሁ። የቧንቧው ውሃ ገና አልሄደም፤ ሳጥኑ እስኪሞላ ጠበቅሁና ወደ ታች አየሁ። ጠብታ አልወረደም። ሰንሰለቱን ሳብኩት። ድምፁ ውጭ፣ ለቅሶው መሃል ድረስ ተሰማ።

እንደገና እስኪሞላ ቆምኩ። ከዚያ ባልዲውን ከጎረቤታችን እጅ ተቀብዬ በርሜሉ ላይ ገልብጬ አስቀመጥኩት፤ ሄጄም እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።