ቅድሳንና ያልመጣው መርዶ

ቅድሳን ሮም ውስጥ የአንዲት ትንሽ ቲያትር ቤት ወለል መወልወል ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከወንበር ሥር ማስቲካ ትፍቃለች እንጂ መድረክ ላይ ትቆማለች ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ እሷም ጭምር። ዩታ የምትባል ጀርመናዊት አዘጋጅ ግን የአገሯ ሰው የጻፈውን አዲስ ተውኔት ይዛ መጣችና ተዋናዮቼ ዳቦ ጋጋሪ፣ ነርስ፣ ጡረተኛ፣ ብቻ ተራ ሰው ይሁኑልኝ አለች። መወልወያ ከያዘች ሴት የበለጠ ተራ ከየት ይምጣ? ቅድሳንም ተመለመለች።

ተውኔቱ እንዲህ ነው። አንድ ጠዋት ስልሳ ሰው የጫነ ባቡር ከአንዲት ከተማ ይነሳል፤ የሚቀጥለው ጣቢያ ግን አይደርስም። ተገለበጠ የሚል የለም፣ ስብርባሪ አይገኝም። ቤተሰብ ጥቁር ለብሶ ጣቢያው ላይ ይጠብቃል፣ ምን እንደ ሆነም ሳይነገረው መጋረጃው ይዘጋል። ነርሷ ይሄ ደግሞ ምን መጨረሻ ነው ብላ አዘጋጇን ሞግታት ነበር። ቅድሳንን ግን ምኑም አልገረማት። ታናሽ ወንድሟ አንገሶም ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከሊቢያ ደውሎ ነገ ጀልባ ላይ እንወጣለን ካላት ወዲህ ድምፁን ሰምታ አታውቅም።

በአገሯ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛው ከቤቱ ሳይወጣ፣ በማለዳ በር አንኳኩቶ ነው የሚያረዳው። ወላጆቿ የሉም፤ እዚህም ዘመድ የላትም። ቪያ ቮልቱርኖ የሚባል መንገድ ላይ፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ የአገሯ ሰዎች ስለ አንገሶም «የውሃ ሽታ ሆነ እኮ» ሲሉ ከሰማች በኋላ በዚያ በኩል ማለፍም ትታለች። እንዳታለቅስ ያረዳት የለም፣ እንዳትጠብቅ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ሰው የሚያጽናናው ቢያጣ ያሳዝናል፤ የሚያረዳው ያጣ ሰው ግን ከዚያም የባሰ ብቸኛ ነው።

ከሮም ወጣ ብላ ባሕር ዳር ያለችው ኦስቲያ ሄደው ተውኔቱን ሊያሳዩ በተቀጠሩበት ቀን የባቡር ሾፔሮ፣ የሥራ ማቆም አድማ፣ ተጠራ። ዩታ መኪና ተከራይታ ተዋናዮቿን ከየቤታቸው ለቀመች። አድማውን ያልሰማችው ቅድሳን ስልኳ ዝግ ስለ ነበር፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ዩታና ሌሎቹ ተዋናዮች ሰባት ሆነው ተከታትለው ፎቁን ወጡና በሯን አንኳኩ። ኦስቲያ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ስለሌለ የመድረኩን ጥቁር ልብስ ከቤታቸው ለብሰው ነበር የመጡት።

ከፈተች። ማለዳ ነው፤ ሰብሰብ ብለዋል፤ ጥቁር ለብሰዋል። ጡረተኛው ሰውዬ ደረጃው አድክሞት አንገቱን ደፍቷል። ፈረንጅ መርዶ ይዞ አይመጣም ብላ ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ነጠላ ስባ ወገቧ ላይ አሰረችና ደረቷን እየደቃች ወንድሜን ትል ጀመር። የዘጠኝ ዓመት ለቅሶ ነው፣ ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ከፈተ።

ነርሷ አቀፈቻት። ዩታ ደንግጣ፣ ባቡር ስለሌለ ሊወስዷት እንደ መጡ፣ ሌላ ምንም ነገር እንደሌለ ደጋግማ ነገረቻት። ቅድሳን ቀስ በቀስ ገባት። የአንገሶምን ስም እንኳ ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ደስ ሊላት በተገባ ነበር፤ አላላትም። ለአንድ አፍታ ሰው መጥቶላት ነበር።

እንባዋን ጠረገች። ፍራሹን ከአልጋው አውርዳ መሬት ላይ አነጠፈችው።

«አሎራ፣ እንግዲህ» አለች በጣልያንኛ፣ «ወንድሜ ባሕር ላይ ቀርቷል። የሚያረዳኝ ስላልነበረ እስከ ዛሬ አላለቀስኩለትም። ከመጣችሁ አይቀር፣ ትንሽ ተቀመጡልኝ።»

ዩታ ሰዓቷን አየት አደረገች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ፍራሹ ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ጡረተኛው ምን ዓይነት ልጅ ነበር ብሎ ጠየቃት። ቅድሳንም ስለ አንገሶም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሞተ ሰው አወራች።