አማቴ «ቁስሉን ካላየሁ» ያሉ ዕለት

ባለፈው እሁድ ከሰዓት አልጋዬ ላይ እየተገላበጥኩ ነው... አማቴ ከሚኖሩበት ከብልባላ ለጥየቃ መጡ። ሁለት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው፣ ዳቦና እርጎ ይዘው።

አዲስ አበባ ሄጄ ኦፕሬሽን ተደርጌ መመለሴ ነው። ካገባሁ ዓመታት አልፈዋል፣ ልጅ የለም። ሐኪሙ «ኪስት፣ ውሃ የቋጠረ እብጠት አለ፣ የማህፀን ቱቦሽም ተጣብቋል» አለኝና ሆዴን ሳይቀዱ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው ሠሩልኝ። አንዷ ቀዳዳ እምብርቴ ውስጥ ናት፤ እኔ ራሴ ፈልጌ ነው የማገኛት።

እኛ ጋ ደግሞ ኦፕሬሽን የተደረገ ሰው ሲጠየቅ ቁስሉ ይታያል። ጠያቂ አይቶ «እግዚኦ» ካላለ የጠየቀ አይመስለውም።

«በይ እስቲ ግለጪው» አሉ አማቴ።

ገለጥኩ። ሦስት ሚጢጢዬ ፕላስተር።

«ቁንጫ ነው እንዴ የነከሳት?» አለች አንዷ ጎረቤት።

አማቴ አልሳቁም። «ልጄን አዲስ አበባ ድረስ ያንከራተትሽው ለዚች ነው?» አሉኝ።

ይባስ ብሎ ትከሻዬን ሳሽ አዩኝ። «ሆዴን የነፉበት አየር ነው እማማ፣ ለጥቂት ቀን ወደ ትከሻ ወጥቶ ያማል ብለውኛል» አልኳቸው። ወደ ጎረቤታቸው ዞረው «ሆዷን ታክማ ትከሻዋን ያማታል» አሉ።

እኚህ ሴትዮ ለባሌ ሙጃ ከተማ ውስጥ ሌላ ሚስት አይተውለታል። «ባዶ ቤት አትቀመጥ» እያሉ ወጥረው ይዘውታል፤ እሱ ደብቆኛል፣ እኔ ግን ሰምቻለሁ። አሁን «ልጄን አታለለችው» ብለው ከተመለሱ አለቀልኝ።

ባሌ አስጎብኚ ነው፣ ሲያወራ ማን ያቆመዋል። ያን ዕለት ግን ወሬውን ትቶ ስልኩን አወጣና ሐኪሙ የሰጠንን የኦፕሬሽኑን ቪዲዮ ከፈተላቸው። ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት፣ አፍሬ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ አማቴ።

«ማህፀኗ ነው፣ እማዬ።»

ስልኩን ተቀብለውት ብርሃን ፍለጋ ወደ መስኮቱ ሄዱ። «ይሄ ሰማያዊውስ?»

«ቀለም ነው። ቱቦው መከፈቱን ለማየት የለቀቁት ነው። በግራ በኩል አልወጣም... በቀኝ ግን ይኸው፣ ሲፈስ ይታያል።»

«ስለዚህ ተከፍቷል?»

«አንዱ ተከፍቷል።»

ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ።

«ለቤት አንድ በር ይበቃዋል» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሳለሙ ስልኩን ግንባራቸውን አስነክተው ሳሙት። ቪዲዮው ቀጥ አለ። «ምነው ቆመ? ድገመው እንጂ» አሉት። እንባዬ መጣ... ምን ላድርግ።

የሙጃዋን ነገር ከዚያ ወዲህ አላነሱም አሉ። ሲወጡ ግን ቪዲዮው በጎረቤታቸው ስልክ ካልተጫነልኝ ብለው በሩ ላይ ቆሙ። ተጫነላቸው።

ልጅ ይምጣ አይምጣ እግዜር ያውቃል፤ እኔ እንደሆነ እንቅልፍ አጥቼ እየተገላበጥኩ ነው። ብልባላ ገበያ ብወጣ ግን ፊቴን የማያውቅ ሁሉ ማህፀኔን ያውቀዋል።