ለዶክተር ስንዱ የዋሸሁት ሁለት ሰዓት

ዛሬ ጠዋት ከሳን ሆዜ ተደወለና ዶክተር ስንዱ አረፈች አሉኝ። የትኛዋ ስንዱ አልኩ። የማውቀው አንዲት ስንዱን ነው፤ ሌላ ሰው ትሆን እንደሆነ ብዬ ነው አውቄ የጠየቅኩት።

እሷው ናት።

ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነው። ጆሮዬ ደክሟል፣ ጉልበቴ አልቋል፣ እኔ ይኸው ቁጭ ብያለሁ። እሷ ገና ጡረታዋን እንኳ አልበላችም። አግባብ አይደለም። ለማን አቤት እንደምል አላውቅም እንጂ አግባብ አይደለም።

የምናገረው እኔ ነኝ፣ የምትጽፈው ልጄ ሐና ናት።

ስንዱን ያገኘኋት በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፤ ኦክላንድ ቻይናታውን፣ ሚስተር ዎንግ የሚባል ሽማግሌ የአገሩን መድኃኒት የሚሸጥበት ሱቅ። እኔ ወደቡ አጠገብ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳራግፍ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ፣ አብሮኝ የሚሠራ ቻይና ነው ወደዚያ የላከኝ። ሚስተር ዎንግ የደረቀ ጥቁር ሥር መዘነልኝ። አጠገቤ አንዲት ቀጭን ሴት ያንኑ ሥር በትልቅ ከረጢት ታስሞላለች።

«አበሻ ነሽ?»

«ነኝ ጋሼ።»

«አንቺንም ጉልበትሽን ነው?»

«አይ፣ እኔ አልጠጣውም። ሥራዬ ነው።»

ሳን ሆዜ ላብራቶሪ ውስጥ ኬሚስት ነበረች። ሥሩ ጥሬውን ልብ የሚያቆም መርዝ ነው፣ ብዙ ሲፈላ ነው የሚበርደው፤ ስንት ሰዓት ሲፈላ ስንት መርዝ እንደሚቀር ነው የማጠናው አለችኝ። ተጠንቀቁ ማለቷ ነው።

«ኮሶ ጠጥቶ ያደገ ሰው በቻይና ሥር አይሞትም» አልኳት።

«እንለካዋ» አለች።

ይቺ ቃሏ ነበረች። ኋላ አንድ ቸርች ስንሄድ፣ ፓስተሩ ዛሬ ስብከቴ አጭር ናት ሲሉ እንኳ ሰዓቷን አየት አድርጋ «እንለካዋ» ትለኝ ነበር።

ካርዷን ሰጠችኝ። ሚስተር ዎንግም ከሥሩ ጋር ልጁ በእንግሊዝኛ የጻፈችውን ወረቀት ሰጠኝ። ሁለቱንም ኪሴ ከተትኩ። ወረቀቱ ሁለት ሰዓት ሙሉ አፍሉ ይላል። እኔ እንደ ሻይ አንዴ ገንፈል አድርጌ ጠጣሁት።

ከንፈሬ ደነዘዘ። ቀጥሎ ምላሴ፣ ቀጥሎ ጣቶቼ። ልቤ አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ጎረቤቴ ነው ኢመርጀንሲ ያደረሰኝ። ኪሴ ውስጥ ካርዷን አግኝተው ስለደወሉላት ስንዱ እየሮጠች መጣች።

«ጋሽ ደምሴ፣ ወረቀቱ ላይ እንዳለው ሁለት ሰዓት አፍልተውታል?»

«አዎ» አልኳት። «ሁለት ሰዓት።»

ሐና አሁን «አባዬ፣ ከዚህ በኋላ ያለውንም ልጻፈው?» ትለኛለች። ጻፊው።

እኔ ማንበብ አልችልም። ያኔ ሚስቴም ሐናም ገና አልመጡም፣ ቤቴ የሚያነብልኝ ሰው አልነበረም። ሱቅ ውስጥ ስፎክርባት ለነበረች የተማረች ልጅ ይህን ከምነግራት ሞቱ ይሻለኝ ነበር።

ውሸቴ ግን ሰው ላይ ወደቀ። የሚስተር ዎንግ ሥር አፍልተውትም ይገድላል ተብሎ ተወራ፤ ደንበኛ ሸሸው። ስንዱ ደግሞ ከዚያው ከረጢት እየወሰደች፣ ቅዳሜና እሁድ ላብራቶሪ እየገባች፣ ደጋግማ አፈላችው።

አንድ ቀን ቤቴ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«መሣሪያዬ ሳይበላሽ አይቀርም ጋሼ። ሥራዬን እንደገና ከመጀመሪያው ልጀምር ነው።»

«ምን አለሽ መሣሪያው?»

«ሁለት ሰዓት የፈላ ሥር ሰው አይጥልም ይላል።»

«እና?»

«እርስዎ አፍልቻለሁ ብለውኛላ።»

የስንት ጊዜ ልፋቷን ልትጥል ነው። ማሽኑን ትታ እኔን አመነች። ያ ነገር ከመርዙ የባሰ ገባብኝ።

«አላፈላሁትም» አልኳት። «ወረቀቱን አላነበብኩትም። ፊደል አልቆጠርኩም።»

ብትስቅ ላባርራት ተዘጋጅቼ ነበር። አልሳቀችም። «ወረቀት ሰጥቶ ዞር ማለት» አለች፣ «እኛም እኮ አጥፍተናል።»

ያንኑ ዕለት ሚስተር ዎንግ ጋ ይዛኝ ሄደች። ጥፋቴን ራሴ በደካማ እንግሊዝኛዬ ተናገርኩ፣ ልጁ አስተረጎመችልኝ። ሽማግሌው ወንበር ሳበልኝ። ከዚያ ወዲህ ሥሩን ለሚገዛ ሁሉ አፈላሉን በአፉ ይነግራል፣ ገዢውንም መልሶ ያስነግራል። ያስደረገችው ስንዱ ናት።

«ለኔ ስትይ?» አልኳት።

«የማያነብ እርስዎ ብቻ መሰልዎት?»

ጥናቷ ላይ «አንድ ታካሚ» ብላ አለፈችኝ። ፊደል ላስቆጥርዎ አለችኝ፤ አልፈልግም አልኳት። ኮራሁ። ሁለተኛ አላነሳችውም።

አሁን የምናገረው ለቸርቻችን ሰዎች ነው። የመዝሙር መጽሐፍ ሲታደል ስንዱ ሁልጊዜ ከኔ አጠገብ ነበር የምትቀመጠው። እያንዳንዱን ስንኝ ከሰው ሁሉ ቀድማ ትለዋለች። «ዶክተር ስንዱ መዝሙር አትጠብቅም» እያላችሁ ስትስቁባት ሠላሳ ዓመት ሆናችሁ። እሷም አብራችሁ ትስቅ ነበር። እኔ እንድሰማና እንድከተል ነው የምትቀድመው። እኔም እያወቅሁ ስትስቁባት ዝም ብያለሁ።

ስንዱዬ፣ ልጄ። ጌታ በሰላም ይቀበልሽ። ምስጢሬን ተሸክመሽ ኖረሻል፤ እዚያ ድረስ ይዘሽው አትሂጂ፣ ይኸው ለሰው ተናግሬዋለሁ። እሁድ መጽሐፉን ሲሰጡኝ አልችልም ብዬ እመልሳለሁ። የማውቀውን ያህል እዘምራለሁ፣ የማላውቀው ሲመጣ ዝም እላለሁ። ደህና ሁኚ።