የአባቴ ሞተር መሪ

ውጫሌ ጋራዥ ውስጥ መካኒኩ የሞተር ሳይክሉን መሪ ሊያስተካክልልኝ የዛገውን ብሎን ሲፈታ፣ ብሎኑ ሲጢጥ አለ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ሐይቅ ከተማ ባለው ቤታችን ወገቡ ተሰብሮ ተኝቶ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ሰይድ ሊጠይቀው መጣ፤ ዱዓ አደረገለትና የብሎን መፍቻ ይዞ የአባቴ ሞተር ወደቆመበት ግቢ ወጣ። እኔን "የፊት ጎማውን በጉልበትሽ መሀል ያዢልኝ" አለኝ። ብሎኑ ሲጢጥ አለ። አባቴ ረጅም ስለነበር መሪው ወደ ፊት የራቀ ነበር። ሰይድ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ወደ ደረቱ ሳበው።

"አሁን ተመቸኝ" አለ ጮክ ብሎ።

ስገባ አባቴ ጣሪያውን እያየ "መሪውን ወዴት አመጣው?" አለኝ።

"ወደ ራሱ።"

"እንግዲያው ዱዓው ለእኔ አልነበረም" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ጎማውን ጥሩ አድርጌ ስለያዝኩ ያመሰግነኛል ብዬ ነበር። ሰይድ ሞተሩን ይዞ ሄደ።

"ዘሀራ፣ እስኪ ቁጭ በይበት" አለኝ መካኒኩ። "ግን የሞተሩ ባለቤት ሲድን አይቀየምሽም?"

ያኔ ሞተሩን ይዞ የሄደው አጎቴ ሰይድ ግማሽ አካሉ ሽባ ከሆነ ወር አልፎታል። ሐኪም ቤት ልወስደው ባጃጅ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ጋራዡ በር ላይ ከቆመው ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ያየናል። ኮርቻው ላይ ተቀምጬ እጄን ወደ መሪው ዘረጋሁ። መሪው አባቴ ትቶት እንደነበረው ራቅ ብሏል። እኔም እንደ አባቴ ረጅም ነኝ።

"አጥብቀው" አልኩት። ከዚያ ባጃጁ ድረስ እንዲሰማ ጮክ ብዬ "አሁን ተመቸኝ" አልኩ።